አጠጪውና አምጪው

የሱስ ሕክምና የሚሰጡ ቦታዎች ጋ ሁሉ ደውዬ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ሌሊት ሐኪም አለ ወይ? ዋጋውን፣ ምግቡን፣ የግቢውን ዛፍ ሳልጠይቃቸው ራሳቸው ይነግሩኛል። አጎቴ የመረጠልን ቦታ ስልክ ያነሳው ሰውዬ፣ "እህቴ፣ ሌሊትማ እኛም እንተኛለን" አለኝ። አመስግኜ ዘጋሁት።

ሐኪም ያለው ቦታ ውድ ነው። መጀመሪያ የወንድሜን ሰውነት በመድኃኒት ከመጠጥ ያላቅቁታል፤ ከዚያ ወራት የሚፈጅ የምክር ሕክምና ይከተላል። ለሰኞ ጠዋት አልጋ ያዙልን። ነርሷ ወንድሜ በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። "እስከዚያ በድንገት እንዳታስቆሙት" አለች። "እንዲህ የሚጠጣ ሰው ባንዴ ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል።"

ወንድሜ መስታወት ቆራጭ ነው። ሰፈሩ "ሚሊ" ይለዋል፤ የቆረጠው መስታወት በሚሊሜትር እንኳ ስለማይዛነፍ። ከዓመት ወዲህ ግን ጠዋት ካልተጎነጨ እጁ መቁረጫውን አልይዝ አለው። ከተጎነጨ ደግሞ ማቆሚያ የለውም። ደንበኞቹ አንድ ባንድ ሸሹ። ጉበቱን ያየው ሐኪም፣ በዚሁ ከቀጠለ ዓመቱን አይጨርስም ብሎናል።

ከቤተሰቡ ገንዘብ ያለው አጎቴ ብቻ ነው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ የጭነት መኪናዎች ባለቤት። ሊመክረን መጥቶ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ፤ መሄጃ እንዳለው ሰው።

"እሺ፣ እናንተ ያላችሁት ቦታ ይሁን፤ እከፍላለሁ" አለ። "ግን ገንዘቤን ውኃ ላይ አልበትንም። እስከ ሰኞ አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ ይቆይ። ወንድነቱን ልየው። የሕክምና ቦታው በር ላይ ቆሜ አፉን አሸተዋለሁ።"

"ጋሼ፣ ይሄማ ሊገድለው ይችላል። ነርሷ ነግራኛለች።"

"ሲጋራ ያቆምኩት በአንድ ቀን ነው። ማን ሞተ?"

"ሲጋራና መጠጥ አንድ አይደሉም።"

"ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ሕክምና ነው እንዴ? እኔ ስታትስቲክስ መስሎኝ።"

ሚሊ ከጥጉ ሳቀ። "ቁጥር ከሆነማ ጥሩ። የኔ ዕድል ስንት ይወጣዋል፣ ዲግሪ?" እኔን የሚጠራኝ እንዲህ ነው። የሚያስቅ ቁጥር አልነበረኝም።

እናቴ፣ "ወንድም ጋሼ ያለው ይሁን" አለች። ያሸነፋት ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ልጇን መጠጥ መጠጥ እየሸተተ ሐኪም ፊት ማቅረብ ነውር መሰላት። ቤት የሚያጸዳላት ሰው ከቀጠረች፣ ሰውየው ሳይደርስ ቤቱን የምታጸዳ ሴት ናት። ቅዳሜ ሥራ ውዬ ስመለስ ጠርሙሶቹን ሁሉ ሽንት ቤት ደፍታ፣ ፀጉሩን አስቆርጣ፣ ሸሚዙን ስትተኩስ አገኘኋት።

"እማዬ፣ ነርሷ ያለችውን ነግሬሻለሁ እኮ።"

"እና ምን ላድርግ? ባጎረስኩት እጄ መጠጥ ልቅዳለት?"

እሑድ ሲያልበው ዋለ። እናቴ፣ "ሰውነቱ እየጸዳ ነው" ትላለች። እኔ ገንዘቡን እያሰብኩ፣ አንድ ቀን ነው የቀረው እያልኩ ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ስገባ አልጋው ላይ ተቀምጦ ከብርድ ልብሱ ላይ የሆነ ነገር በጥንቃቄ ይለቅማል። ምንም የለም።

"ጫማ አድርጊ" አለኝ። "ወለሉ ሁሉ ስብርባሪ ነው።"

ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፤ ሸሚዙን መቆለፍ አቅቶታል። ነርሷ ጋ ደወልኩ። ያውቅሻል? መዋጥ ይችላል? ወድቋል? አለችኝ። መለስኩላት።

"ከወደቀ አምቡላንስ ጥሪ። አሁን ግን ትንሽ አጠጪውና አምጪው። አሁኑኑ።"

"የሚከፍልልን ሰው አፉን ሊያሸት በር ላይ እየጠበቀን ነው።"

"ከፋዩን አላውቀውም፣ እህቴ። እኔ የማውቀው በሽተኛውን ነው።"

ወደ መጠጥ መሸጫው ሮጥኩ። ከወር በፊት የሰፈሩን መጠጥ ሻጮች ሁሉ ዞሬ ዝቼባቸው ነበር። ባለሱቋ ክንዷን ባንኮኒው ላይ አስደግፋ አየችኝ።

"ለዚያ ቤት የሸጠ ፖሊስ ይጠብቀው ብለሽ አልነበር?"

"ብዬ ነበር።"

"ታዲያ ዛሬስ?"

"ዛሬ ለኔ ነው።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "እሱም ሲጀምር ለጓደኛዬ ነው ይል ነበር" አለችና ትንሹን የጂን ጠርሙስ ሰጠችኝ።

ሚሊን አንገቱን ደግፌ ኩባያውን አፉ ላይ አስጠጋሁለት። ጥርሱ ከኩባያው ጋር ይንገጫገጫል፤ ግማሹ አገጩ ላይ ፈሰሰ። ቸኩያለሁ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች።

ሲያስለው ዞረች። "ቀስ በይ፣ ታንቂዋለሽ።" ኩባያውን ከእጄ ወሰደች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በትንሽ በትንሹ፣ እያረፈች፣ ሾርባ እንደሚያጠጣ ሰው አጠጣችው። መንቀጥቀጡ ጋብ ሲልለት አፉን በመዳፏ ጠረገችና ታክሲ ጥሪ አለችኝ።

አጎቴ የሕክምና ቦታው በር ላይ ነበር። ሊያሸት ማጎንበስም አላስፈለገው።

"ማነው ያጠጣው?"

እኔ ነኝ ልል አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። "እኔ ነኝ።"

"አንቺ?"

"አዎ፣ ወንድም ጋሼ። ላሳክመው ነው የመጣሁት፣ ልቀብረው አይደለም።"

አጎቴ የመኪናውን ቁልፍ መዳፉ ውስጥ አገላበጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ መሸነፍ አይችልበትም እንጂ። "እኔ ያልኩት ቦታ ውሰዱት፣ ዛሬውኑ ሙሉውን እከፍላለሁ። እዚህ ግን አምስት ሳንቲም አላወጣም። በሰከረ ሰው አልታለልም።"

እናቴ ወደኔ ዞረች። በሕይወቷ አስተያየቴን ጠይቃኝ አታውቅም። "አንቺ ምን ትያለሽ?"

"እዚያ ዛሬ ሌሊት ቢወድቅ የሚያነሳው የለም።"

"ሰማህ፣ ወንድም ጋሼ" አለች።

መኪናው ሲሄድ ማንም አላየውም፤ ሚሊን ደግፈን ደረጃ እየወጣን ነበር።

ባንክ ያለኝ ገንዘብ ለማላቀቂያው ብቻ በቃ። የቤት ኪራያችንን ጭምር ነው የከፈልኩት። ገንዘብ ተቀባዩ ደረሰኙን እየቆረጠ፣ "የምክሩስ?" አለኝ።

"የለንም።"

"ብዙዎቹ እኮ መድኃኒቱን ጨርሰው ምክሩን ካልተከታተሉ ይመለሱበታል። ግማሽ ሕክምና ነው።"

"ግማሹን ቁረጥልኝ።"

ሚሊ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰምቶናል። ነርሷ ልትገፋው ስትል እጁን አነሳና አስቆማት።

"ዲግሪ፣ ከዚያስ?"

"ከዚያ ገንዘብ የለም።"

"ታዲያ ለምን እገባለሁ?"

"ዛሬ እንዳትሞት።"

ውሸት እንዳለበት የሚመረምር ይመስል ፊቴን አየው። "እሺ" አለ፤ ነርሷ ገፋችው። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።

እናቴ ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። እጇን አሸተተችው፣ ከቀሚሷ ጋር ጠረገችው፣ ደግማ አሸተተችው። ስልኬን አውጥቼ የዘመዶቻችንን ስም ማየት ጀመርኩ።

"ከማን ልጀምር? ካላቸው ነው ከሌላቸው?"

"ከሌላቸው ጀምሪ" አለችኝ። "እነሱ ስልክ ቶሎ ያነሳሉ።"

የመጀመሪያው አላነሳም። ሁለተኛው ጋ ደወልኩ።