ቆጣሪው ስር

የመብራት ሂሳብ በመጣ ቁጥር አማትየው ጣታቸውን የሚቀስሩት ምራታቸው በምትተዳደርበት የልብስ ስፌት ሞተር ላይ ነበር። «ይሸጥ!» አሉ በዚህ ወር።

የምራቲቱ ደም ፈላ። «እሺ እማማ፣ እንሸጠዋለን። በመጀመሪያ ግን በረንዳው ላይ ቆጣሪው ስር ቁሙና ቀይዋን መብራት እዩልኝ። ቶሎ ቶሎ ብልጭ ካለች ብዙ እየበላን ነው።»

ሞተሩን አስጮኸችና አጠፋችው። «ቀነሰች?»

«ምን ትቀንሳለች፣ እንደሮጠች ነው!»

ቴሌቪዥኑንና አምፖሎቹን አጠፋች።

«ኧረ ይቺ ጉደኛ! አሁንም አለች!» አማትየው ነገሩ ጥሟቸው በእግር ጣታቸው ቆሙ።

የቀረው አማትየው ከድሮ ቤታቸው ይዘውት የመጡት ፍሪጅ ብቻ ነበር፤ በሩ አልገጥም ብሎ በገመድ ታስሯል። ምራቲቱ ሶኬቱን ነቀለችው።

«ቆመች! ቀጥ አለች!» ብለው ጮኹ አማትየው ከበረንዳው።

ገብተው የተነቀለውን ሶኬት ሲያዩ ገመዱን ፈቱና ፍሪጁን በረገዱት። ውስጡ ያለው አንድ ጠርሙስ ውሃና ግማሽ ሎሚ ነበር።

«ለዚህ ነው እንዲህ ስንጨቃጨቅ የከረምነው?» ሁለቱንም አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «በይ ጨርቅሽን አምጪና እዚህ ፍሪጁ ውስጥ ደርድሪው። ሞተሩንም አስነሺው እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል!»