ስመ ረጅሙ ሲመዘን

የሚስቴ አባት ሚዛን አስተካካይ ናቸው። በከተማው ሥጋ የሚመዝነው፣ ወርቅ የሚመዝነው፣ ደብዳቤ የሚመዝነው ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ እጃቸው ላይ ይወድቃል። መፈተኛ ክብደቶቻቸውን የያዘችውን የእንጨት ሳጥን ሄደው በሄዱበት ይዘዋት ይዞራሉ፤ ለማንም አያሸክሙም። አንድን ሚዛን ሦስት ጊዜ ሳይፈትኑ ማኅተማቸውን አይለጥፉበትም። ሦስቴ ፈትነው ደህና ካገኙትም «ይሄዳል» ነው የሚሉት። ከዚህ ያለፈ ምስጋና ከአፋቸው ጠብ ሲል የሰማ ሰው የለም። ሚስቴ ከክፍሏ አንደኛ ስትወጣ «ይሄዳል»፤ የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆና ስትሾም «ይሄዳል»። እኔን ልታገባ እንደሆነ ስትነግራቸው ግን ዝም አሉ። ገና ፈተና ላይ ነኝ።

አምና አንድ ጠዋት የግራ ዓይናቸው ደበዘዘባቸው። የዓይን ሐኪሙ አንዲት ትንሽ የደም ሥር ተዘግታ አገኘ። ምክንያቱን ሊፈልግ ደማቸውን ሲያስመረምር፣ ሆሞሲስቲን የሚባል ነገር ሠላሳ አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ከአሥራ አምስት በታች ነበር መሆን ያለበት። ሰውነት ፕሮቲን ሲያብላላ መሀል ላይ የሚፈጠር ነገር ነው፤ ቫይታሚን ቢ ሲያንስ መሄጃ አጥቶ ደም ውስጥ ይጠራቀማል ብሎ ሐኪሙ አስረዳን። አባባ ስሙን አንዴ ሞከሩትና ተዉት። ከዚያ ወዲያ በቤታችን «ስመ ረጅሙ» ሆኖ ቀረ።

የታዘዘላቸው ፎሊክ አሲድ፣ ቢ ስድስትና ቢ አሥራ ሁለት በአንድ ላይ ያሉበት ክኒን ነበር። ሐኪሙ፣ ክኒኑ ቁጥሩን ያወርደዋል፣ ዓይንዎን ይጠብቃል ብዬ ግን አልምልም፣ እሱ ገና አከራካሪ ነው አላቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ደስ አላቸው። ጉድለቱን ደብቆ የማይሸጥ ሰው ነው፣ ይሄዳል አሉኝ። ቤት ገብተውም አሥር ክኒን ቆጥረው በወርቅ ሚዛን አንድ በአንድ መዘኑ። የፋብሪካውን ሰው ነውረኛ የሚያሰኝ ልዩነት ስላጡ ዋጡት።

ከእኛ ጋር የገቡት ውል አጭር ነበር። ሦስት ወር ይውጣሉ፤ ስመ ረጅሙ ካልወረደ ክኒኑ ይጣላል፣ ሁለተኛ እንዳይነሳባቸው። የቀራቸው አንድ ደህና ዓይን ነው። እሱ ከሄደ ሥራቸው አብሮት ይሄዳል፤ ያን ግን ማንም ጮክ ብሎ አላነሳውም።

በሦስተኛው ወር ደም ሰጡ፤ በሚስቴ ላቦራቶሪ። ውጤቱ ሠላሳ አራት ሆነ።

በማግስቱ ቤታችን መጥተው የክኒኑን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ፣ ልክ ሚስቴ ፊት አስቀመጡ።

«ወይ ክኒኑ አይሠራም፣ ወይ ማሽንሽ አይሠራም» አሏት። «ምረጪ።»

«ማሽኔ ይሠራል፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ተመረጠ።» ሳጥናቸውን አንስተው ወጡ። ብልቃጡ ቀረ።

ሚስቴ በንጋታው ሥራ እንደገባች ማሽኗን ልካቸው በሚታወቅ ናሙናዎች ፈተነችው፤ የማን ልጅ ናትና ሦስት ጊዜ። ምንም እንከን የለውም። ከዚያ ደም ቀጂዋን ጠራች። ይህች ሴት ንቢት ነው የሚሏት፤ በመርፌዋ ይመስለኝ ነበር።

ለስመ ረጅሙ የሚመረመር ደም እንደተቀዳ በረዶ ላይ ይቀመጣል፤ ወዲያው በማሽን ተሽከርክሮ ውሃው ከሴሎቹ መለየት አለበት። ከቆየ ሴሎቹ ስመ ረጅሙን እያፈሰሱ ቁጥሩን ያሳብጡታል። ይህን ደንብ ጽፋ የላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ራሷ ሚስቴ ናት። የአባቷ ደም ግን በሦስት ሰዓት ተቀድቶ እስከ ሰባት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት።

«አባትሽ ናቸዋ» አለች ንቢት፣ ምንም ሳትደነግጥ። «አንቺ ስብሰባ ላይ ነበርሽ። ባልደረባሽ ቱቦውን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ፣ ከልጄ እጅ ሌላ እንዳይነካው አሉ። እዚህ ቤት የምትለካው እሷ ናት፣ እናንተ ትገምታላችሁ አሉን። አርባ ዓመት ሙሉ ስንቱን መዛኝ አይቻለሁ፣ እንደ እሷ ያለ እጅ ግን አላየሁም ብለው ለወረፋው ሁሉ ሲያወሩ አረፈዱ። አንደኛ የወጣሽበትን ካርድ ከኪሳቸው አውጥተው አሳይተውናል፤ ጠርዙ አልቋል። እንግዲህ እኔ ማን ነኝና እነካለሁ? በክብር አስቀመጥኩልሽ።»

ሚስቴ ይህን ማታ ነገረችኝ። መጀመሪያ ትንሽ አለቀሰች። ተናዳ ይሁን ደስ ብሏት አልጠየቅሁም፤ ፈተና ላይ ያለ ሰው ጥያቄ አያበዛም።

ብልቃጡን ይዛ አባቷ ዘንድ ስትሄድ አብሬ ሄድኩ። ንቢት የነገረቻትን አላነሳችም። «ከፀሐይ ገብቶ ያላረፈ ሚዛን ትፈትናለህ?» አለቻቸው።

«አልፈትንም።»

«የአንተም ደም አራት ሰዓት ቆሞ ነው የተለካው። ያስቆምከው ደግሞ አንተው ነህ።»

አባባ «ልጅ ለእናቷ…» ብለው ጀመሩና ተረቱን ሳይጨርሱ ተዉት። ብልቃጡን ከፍተው የዕለቱን ክኒን ዋጡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደ ማንኛውም ሰው ተሰልፈው ደም ሰጡ። ቱቦው በረዶ ውስጥ ገባ። ባልደረባዋ ወዲያው አሽከረከረው፤ ሚስቴ ሆን ብላ በሩ ላይ ከእኛ ጋር ቆማ ነበር። ከሰዓት በኋላ እዚያው ላቦራቶሪው ውስጥ፣ ንቢት ባለችበት፣ ወረቀቱን ራሷ አምጥታ ሰጠቻቸው። ወደ ደህናው ዓይናቸው አስጠጉት። አሥራ ሁለት ይላል።

«ማን ለካው?»

«ባልደረባዬ።»

«ማን አስተማረው?»

«እኔ።»

«ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ አራት፣ አሥራ ሁለት» ብለው በጣታቸው ቆጠሩ። «ሦስተኛው ነው።»

«አባዬ» አለች ሚስቴ፣ «ንቢት ነግራኛለች።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ካርዱንም።»

አባባ ወደ ንቢት ዞሩ። «እኔ የሚናደፈው መርፌሽ ብቻ መስሎኝ ነበር» አሏት። ከዚያ ሳጥናቸውን ከፍተው አንድ ማኅተም ከወረቀቱ ልጠው አወጡ፤ ያን አንድ ሚዛን በዓመት አንዴ የሚያገኘውን። ማሽኑን አልፈው ወደ ግድግዳው ሄዱና ሚስቴ በጻፈችው ደንብ ላይ፣ ከስሟ አጠገብ፣ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ለጠፉት። የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ በኋላ ይነሳ ብሎ አዝዞ ነበር። ንቢት መጥተህ አንሳው አለችው፤ እስካሁን አልመጣም።

ስንወጣ አባባ አንድ እጃቸውን ልጃቸው ትከሻ ላይ አደረጉ። በሌላው ውጤቱን ለመያዝ ፈለጉ መሰለኝ፣ ሳጥኑን ወደ እኔ ዘረጉት። ከገመትኩት በላይ ይከብዳል። ቤት ድረስ እጅ አልቀየርኩም።