ኮላው ሳይደርቅ

"ጥብቅ አድርገህ ያዝ!" አለ መካኒኩ ሽብሩ።

ዋጋሪ የተሰነጠቀውን የመኪና መሪ በሁለት እጁ ጨምቆ ያዘ። ሽብሩ ኮላውን በቢላ ጫፍ ስንጥቁ ውስጥ ሞጀረና ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ በቀደደው ላስቲክ ጠምጥሞ አሰረው። "እስከ ነገ እንዳትነካው። ሳይደርቅ ብትነዳ እጅህ ላይ ነው የሚቀረው።"

ዋጋሪ የሚነዳበት ቦታ አልነበረውም። ከጣሊያን የተረፈችው ፊያት መኪናው ባለፈው ሳምንት በአርጆ መንገድ ጭቃ አንሸራትቷት ጉሉማ የሚባል ገበሬ ገጭታ ገድላለች። መሪውን የሰነጠቀው የዋጋሪ የገዛ ደረቱ ነው። የአውራጃው ፍርድ ቤት በዋስ ለቀቀው፤ የአገር ሽማግሌዎች ግን አልለቀቁትም። የደም ካሳው፣ ጉማው፣ ተፈጽሞ ሁለቱ ወገኖች እስኪታረቁ ድረስ ከሟች ቤተሰብ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት የለበትም። በገበያ ቀን እንኳ በጓሮ በጓሮ ነው የሚሄደው። ሰው ገድሎ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ካለ፣ እሱ ዋጋሪ አይደለም። መኪናዋን አስጠግኖ ሊሸጥ፣ ዳግመኛም መሪ ላይጨብጥ ቆርጧል።

የሽምግልናው መሪ ኦቦ ጨመዳ እያለከለኩ ወደ ጋራዡ ገቡ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

"ሽብሩ፣ መኪና ያለው ሰው ታውቃለህ? በቀለች፣ የጉሉማ ሚስት፣ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። በቃሬዛ ወደ ነቀምቴ ሆስፒታል ይዘዋት ሲመጡ ተሸካሚዎቹ ደክመው ከወንዙ ማዶ አስቀምጠዋታል።"

"አውቶቡሱ ጠዋት ወጥቷል። ሌላ ከየት ይመጣል?"

ሁለቱም ፊያቷን ላለማየት መሬት መሬት ያያሉ።

"እኔ ልሂድ" አለ ዋጋሪ።

"ኢልመ ኮ" አሉ ሽማግሌው፣ "ልጄ፣ ሂድ ብልህ ሕጉን ያፈረስኩት እኔው ነኝ። አትሂድ ብልህ ደግሞ..." አልጨረሱትም። በሩን ከፍተው ከፊት ወንበር ተቀመጡ።

"ኮላው እኮ አልደረቀም!" አለ ሽብሩ።

"በእጄ አፍኜ እይዘዋለሁ።"

መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። መኪናዋ በዘለለች ቁጥር ስንጥቁ ተከፍቶ ሲገጥም የዋጋሪን መዳፍ ይነክሳል። ወንዙን እንደተሻገሩ ቃሬዛውን ዛፍ ሥር አገኙት። የበቀለች ከንፈር አመድ መስሏል፤ መጮህ ትታለች። አጠገቧ የተቀመጡት የጉሉማ እናት አዴ ዘርፈሽ መኪናዋን ገና ከሩቅ አወቋት። ተነሥተው ቆሙ።

"ይህቺን? ልጄን የበላችውን?"

"አዴ ዘርፈሽ፣ ማሎ! እባክዎን!" አሉ ኦቦ ጨመዳ። "ሆዷ ውስጥ ያለው የጉሉማ ነው።"

"የገዳዩን ፊት እያየሁ ልሂድ?"

ዋጋሪ ወርዶ እግራቸው ላይ መውደቅ ፈለገ። ከጉማ በፊት ያም አይፈቀድለትም። እጁን አነሣና የኋላ ማሳያውን ስፖኪዮ ወደ ጣሪያው አዞረው። ከዚያ አንገቱን አድርቆ ፊት ለፊት እያየ ተቀመጠ።

የኋላው በር ተከፈተ። ወንዶቹ በቀለችን አስገቡ፤ ከእሷ ቀጥሎ ሌላ ሰው ገባ። አዴ ዘርፈሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው እንደ ገቡ ኋላ ኦቦ ጨመዳ ናቸው የነገሩት።

"ንዳ በሉት" አሉ አዴ ዘርፈሽ።

"ንዳ" አሉ ኦቦ ጨመዳ።

ዋጋሪ ነዳ። መሪው ላይ የተጠመጠመው ላስቲክ ተላቀቀ፤ ኮላውና ደሙ ተለውሰው በመዳፉ ውስጥ ይሟልጫሉ። አጥብቆ ያዘው። ከኋላ የበቀለች ድምፅ አይሰማም። አለች ወይስ የለችም? ዞር ብሎ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ማየት አማረው። ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ ወደ ነቀምቴ ነዳ።