የቁጥቡ ኑዛዜ

ሠፈሩ «ቁጥቡ» ይለዋል። ገንዘብ ቆጥቦ እንዳይመስላችሁ፤ የሚቆጥበው ፊደል ነው። አርባ ዓመት የሱቅ ማስታወቂያ ሲጽፍ ኖሯል። ደንበኛው በጠባብ ቆርቆሮ ላይ ረጅም ወሬ ላስጽፍ ቢል፣ «ምን ያደርግልሃል? መንገደኛ ቆሞ አያነብልህም!» ብሎ ግማሹን ይሰርዝበታል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ደረቱን ውጋት ሲጀምረው ኑዛዜ ልጻፍ ብሎ የተነሳው። ቤቱን የሚያወርሳት ልጅ አለችው። ሚስቱ ስታገባው ይዛት የመጣችው የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ እናቷ ስትሞት እሱው አሳደጋት፣ አስተማራት። ዛሬ ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ቀለሙን የምትበጠብጥለትም፣ እሱን የምታስታምመውም እሷ ናት። ከአብራኩ የወጣ ደግሞ ከመጀመሪያ ሚስቱ አንድ ወንድ አለ፤ ተኳርፈው ከተለያዩ አሥራ አምስት ዓመት ሆናቸው። ሳይናዘዝ ቢሞት ቤቱ ለዚያ ሄዶ ልጅቱ ሜዳ ላይ እንደምትቀር ያውቃል። እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነው።

ጎረቤቱ፣ ጡረታ የወጣው የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ «ጠበቃ ጋ ምን ያስኬድሃል?» አለው። «በገዛ እጅህ ጻፈው፣ ቀን አድርግበት፣ ፈርም። ግልጽ ይሁን ብቻ!»

ግልጽ! አይ ነገር! ለቁጥቡ ግልጽ ማለት ከመንገድ ማዶ የሚነበብ ማለት ነው። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ መጀመሪያ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈ፤ ስሟን፣ የእናቷን ስም፣ እንዴት እንዳሳደጋት፣ ሁሉን። ከዚያ ያ ክፉ ልማዱ መጣበት። ይሄ ምን ያደርጋል? ማን ቆሞ ያነባል? እያለ ሰረዘ፣ ሰረዘ። በመጨረሻ በንጹሕ ወረቀት ላይ፣ እያንዳንዱን ፊደል አውራ ጣት አሳክሎ፣ «ቤቴን ለልጄ አውርሻለሁ» ብሎ ጻፈ። ቀኑን አኖረ፣ ፈረመ፣ ረቂቁን ቀዳደደው።

«አባዬ፣ ምን እየጻፍክ ነው?» አለችው በሩ ላይ ቆማ።

«ምንም አይደል ልጄ። ቀለሙ እንዳይደርቅ ክደኚው።»

ከእሷ ሌላ ልጄ ብሎ የሚጠራው ሰው አልነበረውም፤ ታዲያ ምኑን ይጠራጠር?

ብዙም ሳይቆይ ግማሽ ጎኑን መታው። ቀኝ እጁ ሞተ፣ ምላሱ ተሳሰረ፣ ግራውም ማንኪያ እንኳ አልይዝ አለው። ልጅቱ አንጀቷ አልችል ብሎ ወንድ ልጁን አፈላልጋ አስጠራችው። መጣ። የሕክምና ካርድ ሲፈልግ መሳቢያው ውስጥ ወረቀቱን አገኘና ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ያ ግዙፍ ሰው አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

«አልረሳኝም! እኔ ስረግመው ስኖር እሱ ልጄ ይለኛል!»

ቁጥቡ ራሱን ነቀነቀ። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ድምፅ ግን ቃል አልሆነም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የብዕሩስ በምን ይታሻል? ግራ እጁን እንደምንም ጎትቶ ወደ ልጅቱ ጠቆመ። እሷ እጁን ያዘችና ሳመችው።

«አይዞህ፣ አልተቀየምኩም» አለች። ፊቷ ግን አመድ መስሏል። «ሥጋ ሥጋ ነው። እስከ ዛሬ ያስጠጋኸኝም ይበቃኛል።»

ያስጠጋኸኝ! እንባው በጆሮ ግንዱ ወረደ። ወንድ ልጁ «ደስ ብሎት ነው፣ ደስ ብሎት ነው» እያለ በመሐረብ ጠረገለት።

በማግሥቱ ልብሷን በሁለት ፌስታል ሸክፋ በሩ አጠገብ አስቀመጠች። ማንም ውጪ አላላትም። ከዚያ ሾርባውን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ዓይኑን አላየችውም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንተ ስትለው የኖረች ልጅ፣ ማንኪያውን ወደ አፉ አስጠግታ፦

«ትንሽ ቀና ይበሉ፣ ጋሼ» አለችው።