ያለ ምክንያት ቆመች

የመጀመሪያውን የሞተር ፈተና የወደቅሁት ሰላምታ በመስጠቴ ነው። ይሄን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ስቆ ሲጨርስ ወረቀቱን አውጥቼ አሳየዋለሁ። ፈታኙ በዕብራይስጥ «መንገድ መሀል ያለ ምክንያት ቆመች» ብሎ ጽፎበታል። ያለ ምክንያት! አያ ቢረሳውን የሚያህሉ ሰው ተነስተው እየጠበቁኝ ምክንያት የለሽም ተባልኩ። ትዝ ባለኝ ቁጥር እስካሁን ደሜ ይፈላል።

የሻሽወርቅ እባላለሁ፤ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ቂርያት ማላኪ ነው። ቤኤር ቱቪያ አንድ የዶሮ ማሸጊያ ፋብሪካ አለ፣ እዚያ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። ሁለት ጓንት ደርቤም ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ቤት ስገባ የሻይ ብርጭቆ እንኳ አልይዝ ይሉኛል። አንድ ቀን ጋን ያቭኔ በሚባለው ከተማ ደብዳቤ የሚያድል ሰው ይፈለጋል ሲባል ሰማሁና ሮጬ ሄድኩ። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ አድራሻ አስነበበችኝ፤ ኡልፓን የሚሉትን የማታ የዕብራይስጥ ትምህርት የተማርኩት ለመቼ ነው፣ አንበለበልኩላት። ወደደችኝ። ግን ሥራው በሞተር ነው፤ እስከ ፋሲካ መንጃ ፈቃድ ካመጣሽ ያንቺ ነው፣ ካላመጣሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ አለችኝ። ሁለት ወር ተኩል ቀርቶኛል ማለት ነው። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ብስክሌት እንኳ ነድቼ አላውቅም።

ልጄ ሃጋር ወታደር ናት። ስልክ ደውዬ ስነግራት እስክታስነጥስ ድረስ ሳቀች። አስተማሪ የፈለገችልኝ ግን እሷው ናት። ኦዝ ይባላል፤ ያቭኔ ያደገ የእኛው ልጅ ነው፤ አማርኛው ግማሽ መንገድ ሄዶ ዕብራይስጥ ይሆንበታል። እኔን ዶዳ፣ አክስቴ እንደማለት ነው፣ ይለኛል። የመጀመሪያ ቀን በነጠላ ጫማ ሄድኩ። ጸጉሬንም ለሠርግ ተሠርቼ ነበርና ካስዳ የሚሉትን የራስ ቆብ አላደርግም አልኩ። ልጁ አልተቆጣም። የሞተሩን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ከተተና ሳንድዊቹን ቁጭ ብሎ መብላት ጀመረ። ሹሩባዬን እያዘንኩለት ካስዳውን አጠለቅሁ፤ በማግስቱም ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ጓንትና ወፍራም ጃኬት ይዤ መጣሁ።

ልምምዱ ፋብሪካዎቹ አጠገብ ባለ ባዶ ሜዳ ላይ ነበር። ኦዝ የሚያስተምረው ሁሉ ቀላል ይመስላል። የፊትና የኋላ ፍሬኑን አንድ ላይ፣ ቀስ አድርገሽ ጨምቂ። ከመታጠፍሽ በፊት ፍጥነት ቀንሺ፣ ከታጠፍሽ በኋላ ፍሬን አትንኪ። መሄድ ወደምትፈልጊበት ተመልከቺ። ሜዳው ጥግ ላይ አንድ አረንጓዴ የቆሻሻ ገንዳ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ገንዳውን እንዳልመታው ብዬ ዓይኔን ተከልኩበት፣ ሄጄም መታሁት። ሁለተኛም መታሁት። በሦስተኛው ቀን ገንዳውን ረስቼ ከማዶ ያለውን ዛፍ ሳይ፣ ሞተሯ እንደ ጨዋ ልጅ ተከተለችኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ፤ ብቻዬን ካስዳው ውስጥ እልል አልኩ።

ጉዱ የመጣው ከተማ ስንገባ ነው። ኦዝ በመኪና ይከተለኛል፣ ድምፁ በጆሮ ማዳመጫ ይመጣል። ቂርያት ማላኪ ውስጥ ደግሞ የማላውቀው ሰው የለም። እትዬ ሸዋዓለም ዘንቢል ይዛ ስትሻገር ቀኝ እጄ ተነሳ፣ አንገቴም ጎንበስ አለ። ቀኝ እጅ ማለት ነዳጅ የሚሰጠው እጅ ነው፤ ሞተሩ እንደ ሰካራም ወዲህና ወዲያ አለ። ኦዝ በጆሮዬ ሁለት እጅ፣ ሁለት እጅ ይላል። እሺ አልኩት። ትንሽ ሄደን ያረጋልን አየሁት፤ እጄ እንደገና ተነሳ። ኦዝ ዳር አስይዞኝ ወረደና በሁለት መንገድ ብቻ አሥራ አንድ ሰው ሰላም ማለቴን በጣቱ ቆጠረልኝ። እጄ እንጂ እኔ አይደለሁም አልኩት። እውነቴን ነው። እኛ ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ከየት እንማራለን?

የመጀመሪያው ፈተና በዚህ መሀል ደረሰ። ገበያው ፊት ለፊት ካለው አደባባይ አጠገብ የአዛውንቶች ክበብ አለ፤ ግንቡን ተደግፈው አያ ቢረሳውና አራት ጓደኞቻቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ይውላሉ። አያ ቢረሳው የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው። አባቴ ያረፈ ጊዜ ሰባቱን ቀን ከቤቴ ያልተለዩ፣ እኔን እንደ ልጃቸው ያጽናኑ እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ሞተር ላይ ሲያዩኝ ኩራታቸው ሳይሆን አይቀርም፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉልኝ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው! ቆምኩ። የፊት መከለያውን አነሳሁ። ጤናቸውን፣ ጉልበታቸውን፣ ጌዴራ ያለችውን ልጃቸውን ጠየቅኳቸው። ከኋላዬ መኪናው ሁሉ ጡሩንባ ይነፋል። ከኦዝ ጋር መኪናው ውስጥ ያለው ፈታኝ ወረቀቱ ላይ ይጽፋል።

ሁለተኛው ፈተና ፋሲካ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ተያዘልኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቀን የለም። ኦዝ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ማንንም ሰላም አትበይ። እንዳለኝ አደረግሁ። ሁለት እጄን መሪው ላይ አጣብቄ፣ ዓይኔን መንገዱ ላይ አድርጌ፣ እትዬ ሸዋዓለምን አለፍኩ፣ ያረጋልን አለፍኩ። አግዳሚውንም አለፍኩ። መንዳቴ አማረ፣ ስሜ ግን ከፋ። በሳምንቱ፣ የሻሽወርቅ ያን ድስት ራሷ ላይ ከደፋች ወዲህ ሰው አታውቅም ተባለ። አንድ ግርዛት ላይ አያ ቢረሳውን ጎንበስ ብዬ እጅ ስነሳ፣ እጃቸውን ሳይዘረጉልኝ ከጎኔ ካለው ሰው ጋር ወሬ ቀጠሉ። ሆዴ ባባ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ቀዝቃዛው ክፍል ይሻለኝ ነበር ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፈተናው ሐሙስ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከሥራ እንደወጣሁ አያ ቢረሳው ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ግቢም ተቀመጭም አላሉኝ። ይቅርታ ብዬ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ዶሮውን፣ ጣቶቼን፣ ደብዳቤውን፣ ነገ ከወደቅሁ ሥራው ለሌላ እንደሚሰጥ። ይሄ ሁሉ ገባቸው። ሰላምታው ግን አልገባቸውም። አንድ እጅ ማንሳት ምን ይጎዳል ነው የሚሉት። በመጨረሻ ከዘራቸውን አግድም አስያዝኳቸው፣ በሁለት እጅ፣ እንደ መሪ። አሁን ሰላም ይበሉኝ አልኳቸው። ቀኝ እጃቸውን ሲያነሱ ከዘራው ዘመመ፣ ሊይዙት ሲሉ የውሃ ጆጓቸውን መታው። ጆጎው ደረጃውን እየተንከባለለ ወረደ። ከዘራውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«የእኔ በቅሎ ሰላምታ ስሰጥ ራሷ ትቆም ነበር» አሉኝ።

አልመረቁኝም፣ አልረገሙኝም። ጆጎውን አንስቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩና ሄድኩ።

ሐሙስ ጠዋት ኦዝና ፈታኙ በመኪና ተከተሉኝ። ጠባቡን መንገድ በደንብ ወጣሁ፣ «ቁም» የሚለው ምልክት ጋ ቆምኩ፣ ግራና ቀኝ አየሁ። ከዚያ ኦዝ በጆሮዬ፣ አደባባዩ ጋ ወደ ቀኝ አለኝ። ወደ ቀኝ ማለት ወደ አግዳሚው ነው። ከሩቅ አየኋቸው፤ አምስቱም ተደርድረዋል። አያ ቢረሳው ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ። ሁሉም ብድግ አሉ። በቃ አለቀልኝ አልኩ። አምስት ሽማግሌ ተነስቶልኝ እንዴት አድርጌ አልፋለሁ? ቀኝ እጄ መሪው ላይ ይበላኝ ጀመር።

ከዚያ አያ ቢረሳው ቀስ ብለው ዞሩ። ፊታቸውን ወደ ግንቡ አደረጉ። አራቱም ተከትለዋቸው ዞሩ። አምስት ጀርባ፣ አምስት ነጭ ጋቢ፣ ግንቡን አፍጥጠው ቆሙ። ሰው መቼም ለጠላቱ እንኳ እንዲህ ጀርባ አይሰጥም። ለእኔ ሰጡኝ።

እንባዬ መጣ። መጥረግ አልቻልኩም፣ ሁለት እጅ ነዋ! ዓይኔን አደባባዩ መውጫ ላይ ተከልኩ፣ ፍጥነቴን ቀነስኩ፣ ታጠፍኩ፣ አለፍኩ። ኦዝ መናገር የሚፈቀድለት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ቢሆንም በጆሮዬ ሲተነፍስ ሰማሁት።

አለፍኩ። «አልፋለች» የሚለውን ወረቀት እንደያዝኩ ሞተሩን ለኦዝ አስረክቤ በእግሬ ወደ አግዳሚው ተመለስኩ። ካስዳው በክንዴ ላይ ነው፣ ሹሩባዬ ተበላሽቷል። ተመልሰው ተቀምጠው ነበር። ፊት ለፊታቸው ቆሜ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለምን ጀርባ ሰጡኝ ብዬ ጠየቅኳቸው። አያ ቢረሳው ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት፤ ዕብራይስጥ አያነቡም፣ ግን አዩት።

«ካላየሁሽ አልተገናኘንም» አሉ። «አሁን አየሁሽ።»

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጎንበስ ብዬ ሳምኩት፣ ከእሳቸው ጀምሬ አምስቱንም ተራ በተራ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቅኳቸው። ሰላምታው ከፈተናው ይረዝም ነበር።