የዮናታን ሽማግሌዎች

ሜላት ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ አንድ ቦታ መቆም አቅቷት ትንቆራጠጣለች። ሳሎን ውስጥ፣ አባቷ ጋሽ አዝመራው ፊት፣ ዮናታን የላካቸው ሽማግሌዎች ቆመዋል።

የዮናታን ወላጆች ከጎንደር ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። እሱ ተወልዶ ያደገው ሃይፋ ነው፤ እንጅባራ የመጣው የድንች ዘር ሊያሻሽል። ለሽምግልና የሚልከው ዘመድ ስለሌለው ያገኘውን ላከ፦ ጓደኛውን መምህር እንግዳውንና አከራዩን ወንጌላዊ ጢሞቲዎስን። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ጴንጤ። እንዳይጣሉ ገና ባጃጅ ውስጥ ቃል ተገባብተዋል።

«ተቀመጡ እንጂ!» አሉ ጋሽ አዝመራው።

«የልባችን ሳይደርስ አንቀመጥም» አለ መምህሩ።

ሥራውንና ወገኑን ከሰሙ በኋላ ጋሽ አዝመራው «ሃይማኖቱስ?» አሉ።

መምህር እንግዳው ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ አይሁድ ያላነበበው የለም፤ ችግሩም እሱ ነው። «በአንድ አምላክ ያምናሉ። ቅዳሜን ያከብራሉ፣ በስምንተኛው ቀን ይገርዛሉ፣ አሳማ አይነኩም...»

«ይሄማ የኛው ሰው ነው!» አሉ ጋሽ አዝመራው።

ሜላት እፎይ ልትል ስትል ወንጌላዊው ጣልቃ ገባ። «ያ እንኳ ሕግ ነው። በሕግ የዳነ የለም።»

«ማንን ለመንካት ነው?» አለ መምህሩ።

«ሕጉን ነው የነካሁት፤ መምህር፣ እርስዎን ካመመዎት እንጃ።»

«እኛ ሕጉንም ጸጋውንም ይዘናል! ወልድን አንቀበልም ያሉት እነሱ ናቸው!»

ሊያጭ የመጣ ሽማግሌ ሙሽራውን በገዛ አፉ ጣለው።

ሽማግሌ በመጣ ዕለት የልጅቱ ድምፅ አይሰማም። ሜላት ግን መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። «አባዬ፣ ለምን ራሱን አይጠይቁትም? በር ላይ ነው።»

«ነውረኛ!» አሉ አባቷ፤ ግን አስጠሩት።

ዮናታን ገብቶ እጅ ነሣ።

«ልጄ፣ ክርክሩን ለነዚህ ተወው» አሉት። «ስትወልዱ ልጁ የማን ነው? የኛ ወይስ የናንተ?»

ዮናታን ወደ አባቷ ዞረ። «በሕጋችን ልጅ እናቱን ነው የሚከተለው። እናቱ አይሁዳዊት ካልሆነች እሱም አይደለም።»

«የኛ ነዋ!» ጋሽ አዝመራው ብድግ አሉ። «ምን ያለ ደግ ሕግ ነው! ተቀመጡ፣ ሰጥቻለሁ!»

ሽማግሌዎቹ ተቃቅፈው ተቀመጡ፤ ሁለቱም በኔ ስብከት ነው ብለዋል በልባቸው።

ሜላት ዮናታንን አየችው። ፈገግ ብሏል፤ ዓይኑ ግን ወለሉ ላይ ነው። ይሄን ሕግ አንድም ቀን አልነገራትም። እጁን ይዛ ወደ ደጅ አወጣችው።

«ልጆቻችን ያንተ ወገን ካልሆኑ፣ እናትህን ምን ልትላት ነው?»

«አላውቅም» አለ።

ከሳሎን እልልታው ቀለጠ።