ሥር የሌለው ቋጥኝ

ድጅኖዬ ነጥሮ እጄን ሲያደነዝዘኝ ቋጥኝ እንደነካሁ ገባኝ። ከላይ ሆኖ አፈሩን በባልዲ የሚስብልኝ የእህቴ ባል ድምፁን ሰምቶ ወደ ጉድጓዱ አጎነበሰ። ሁለታችንም ጉድጓድ ቆፋሪዎች ነን፤ እሱን ሰፈሩ «ፍልፈል» ይለዋል።

የምንቆፍረው በአክስቴ ግቢ ነበር። አክስቴ ጉልበቷን ታማለች፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ ውሃ ቀድታ ዳገቱን መውጣት አቅቷታል። ልጇ እሑድ መጥታ ቤቱን ዘግታ ወደ ከተማ ልትወስዳት ነው። ከግቢው ውሃ ከወጣ ግን እንደማታስገድዳት ቃል ገብታለች።

ፍልፈል ወርዶ ቋጥኙን በመዶሻ መታ መታ አደረገው። የተራራው ሥር ነው፣ ዕድሜያችንን ሙሉ ብንቆፍር አንጨርሰውም ብሎ ዕቃ መሰብሰብ ጀመረ። አክስቴ ጠዋት እኛ ቀድተን ባመጣንላት ውሃ ያጠበችውን መጋረጃ ከገመዱ ላይ አውርዳ፣ ለመንገድ እንደሚታጠፍ ልብስ አሳንሳ ታጥፈው ጀመር።

አካፋዬን ላወጣ ተመልሼ ወረድኩ። አፈሩን በእጄ ስጠርገው ድንጋዩ ነጣ ያለ፣ ነጠብጣብ ያለበት ሆኖ አገኘሁት። ከቤቱ ጀርባ ያለው ገደል ግን ጥቁር ነው። ደግሞ ድጅኖ ባልነካው ፊቱ ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ጭረቶች አሉ። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ፍልፈል «አንተን ለማናገር ራሱ ጉድጓድ መቆፈር ያስፈልጋል» እያለ ይስቅብኛል። ስለዚህ የአክስቴን ተከራይ ለብቻው ጠየቅኩት። ተራራውን አቋርጦ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ግቢው ውስጥ ጎማ ይቀይር ነበር።

ወርዶ ጭረቶቹን ዳሰሰና ሳቀ። ሲወጣ ለእኔም ለፍልፈልም ለአክስቴም፣ እላይ ተራራው ላይ ፀሐይ የማትጨርሰው በረዶ እንዳለ ነገረን። በየዓመቱ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይወድቃል፤ የታችኛው ተጭኖ ተጭኖ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ሲወፍር በገዛ ክብደቱ ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ቋጥኝ እየነቀለ፣ እርስ በርስ እያፋጨ እየጫረ፣ መሬቱን እየፋቀ፣ ሸለቆ እያሰፋ። ሹፌሩ አንድ ድንጋይ በዓይኑ ያውቃል፦ ድሮ በረዶው ላይ ከመንገዱ ምሰሶ በላይ ነበር፤ ዘንድሮ ምሰሶውን አልፎ ወርዷል። በጥንት ዘመን ያ በረዶ እስከዚህ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ሲቀልጥ ሸክሙን ጥሎ ሄደ።

«እንቁላል በእግሩ ሲሄድ ሰምቻለሁ» አለ ፍልፈል። «ድንጋይ ደግሞ ተሳፍሮ ይመጣል በለኛ።»

«ያውም ቲኬት ሳይቆርጥ» አለ ሹፌሩ።

ሁሉም ሲስቁ ሰው ፊት አፌን ከፈትኩ። «ከላይ የመጣ ከሆነ ሥር የለውም። ጠርዙን እንፈልገው።»

የአክስቴ እጅ መጋረጃው ላይ ቆመ። ፍልፈል ትክ ብሎ አየኝና ድጅኖውን አነሳ።

ጉድጓዱን ወደ ጎን አሰፋነው። ተስፋ ልንቆርጥ ስንል ቋጥኙ እንደ እንስራ ሆድ ዞሮ አለቀ። ፍልፈል የእንግዳ ነገር አይታመንም ብሎ ከሥሩ እንዳንገባ ከለከለኝ፤ ራቅ ብለን ወረድን። ጠጠርና አሸዋ አገኘን፤ ከዚያ እርጥብ ጠጠር። በማግስቱ ስንመጣ ውሃው ሰማይ እያሳየ ጠበቀን።

እሑድ ልጇ ስትደርስ አክስቴ በገመዱ ላይ መጋረጃ ትሰቅል ነበር። ልጇ ገና ሰሞኑን አጠብኩት ብለሽ በስልክ ነግረሽኝ አልነበር ወይ አለቻት።

«ነው» አለች አክስቴ፣ ጫፉን እየጨመቀች። «ውሃ አለኝ፤ ደገምኩት።»